የየሺ ዋስ

ሳቅ እንደዚያን ቀን አንገብግቦኝ አያውቅም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን ነው፤ እኛ ያለነው አማኑኤል ከተማ አጠገብ። ጎረቤቴ የሺ ከባሏ ሸሽታ እኔ ቤት ገብታ ነበርና ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ነገሩን ሳይጀምሩ አምበር ከተማ ላይ ሶላቶ፣ የጣሊያን ወታደር፣ የደፈራትን ልጅ አንስተው "ወይ ግፍ!" እያሉ ዕንባ አወጡ። ከዚያ ወደ የሺ ዞሩ።

"መታሽ?"

"አልመታኝም። እናቴን እንዳልጠይቅ ከልክሎኛል። ደግሞ እምቢ እያልኩት፣ እያለቀስኩ፣ በጉልበት ይገናኘኛል።"

ሳቁ። ሳቁ እኮ ነው የምላችሁ! ትልቁ ሽማግሌ "ደም የለ፣ ስብራት የለ። ባልሽ አይደል እንዴ? ይልቅ ሁለተኛ እንዳትኮበልዪ ዋስ ጥሪና ግቢ" አሏት።

ደሜ ፈላ። ከየሺ ሌላ ሴት ባልተጠራችበት ሸንጎ ብድግ አልኩ።

"አባቴ፣ ሶላቶው ሲያደርገው አለቀሱ። ያው ነገር ከባል ሲመጣ ምኑ ነው የሚያስቅዎት?"

"አንቺ ሴትዮ፣ እኛ የጠየቅነው ዋስ ነው!"

"ዋሷ እኔ ነኝ" አልኩ። "እዚያ ቤት ላለመመለሷ!"

የየሺን እጅ ይዤ ወደ ቤቴ መንገድ ጀመርኩ። ከኋላችን የሳቀ አልነበረም።