የወይዘሮ ወለላ አስናቀ ክፍት በር

በዚህ ድንኳን የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ ታላቅ እህቴ ወይዘሮ ወለላ በ1955 ዓ.ም. ከዓሣ አስጋሪው አባታችን ከአቶ አስናቀ ዓለሙና ከእናታችን ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን በቁንዝላ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ተሻግረው ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈተል ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተዋል፤ የፈረቃ ኃላፊ ሲጮህባቸው ማሽኑን አቁመው፣ እስኪጨርስ ጠብቀው የሚያስነሱ ሴት ነበሩ። በ1978 ዓ.ም. ከመምህር ግሩም ጋር ተጋብተው ሩሐማንና ሀብተ ሥላሴን ወልደዋል።

በ2003 ዓ.ም. ፊታቸው እየቀላ፣ እጃቸው እያቃጠላቸው ቢመረመሩ፣ መቅኒያቸው ከልክ በላይ ደም የሚያመርት፣ በክትትል እንጂ በአንድ ጊዜ ሕክምና የማይገላገሉት ሕመም ተገኘባቸው። ደም እያስቀነሱ ሁለት ዓመት እንደቆዩም በዐቢይ ጾም እግራቸው ውስጥ ደም ረጋ። ወደ አዲስ አበባ የተላከው ናሙና ሆሞሲስቴይን የሚባለው ንጥረ ነገር በደማቸው መብዛቱን አሳየ፤ ሐኪማቸውም ይህ ነገር ከእንስሳት ምግብ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስ እንደሚጠራቀም፣ ቀድሞውኑ በወፈረ ደም ላይ ሲጨመርም የመርጋቱን አደጋ ሊያባብስ እንደሚችል አስረድተው፣ ከቫይታሚኑ መርፌ ጋር በጾምም ቢሆን ዓሣ እንዲበሉ አዘዙ። የነፍስ አባታቸውም ፈቀዱ።

ያልፈቀድነው እኛ ነን። ዓሣውን ሲበሉ «በሩን ዝጊው፣ ሰው ያይሻል» ያልኋቸው እኔ ታናሽ ወንድማቸው ዓምደ ሚካኤል ነኝ፤ እሳቸውም ለእኔ ሐፍረት ብለው ዓሣውን ተዉ፣ ሐኪማቸው እንዳይጠይቋቸውም ክትትሉን አቆሙ፣ በተከታዩ ዐቢይ ጾም ደም በሁለተኛው እግራቸው ረጋ። ይህን ሳነብ አፍራለሁ።

ከሆስፒታል በወጡ ማግስት፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጃፍ ወንበር አውጥተው፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ አላፊ አግዳሚው እያየ በሉ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዐቢይ ጾም እንዲሁ አደረጉ። ያማ አማ፤ ሐሜት ፈርተው ሐኪም ያዘዘላቸውን ይተዉ የነበሩ ሕመምተኞች ግን አጠገባቸው ወንበር ይዘው መቀመጥ ጀመሩ።

ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ደም በሳንባቸው ረግቶ ዐረፉ። እዚሁ ድንኳን ውስጥ «ጾም መግደፏ ነው» ስትሉ ሰምቻችኋለሁ። የገደላቸው በሽታው ነው፤ ሐኪም አይምልልኝ ይሆናል እንጂ፣ ይህን ያህል ያኖራቸው ዓሣው ነው እላለሁ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተውን ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶቻችን ጎን ያሳርፍልን። አርባቸው መጋቢት 5 ቀን፣ በዐቢይ ጾም ይውላል፤ በኑዛዜያቸው መሠረት ለታመመ ሰው ሁሉ ዓሣ ይቀርባል። በሩ አይዘጋም፤ ሰሃኑን የማዞረውም እኔ ነኝ።