የሸጥኩት ኮምፒውተር የላከልኝ ኢሜይል

የቤቴን ኮምፒውተር ብቸና ላሉ አንድ ጠበቃ ስሸጥ ፋይሎቼን በሙሉ አጠፋሁ። በየምሽቱ አዲስ የተጻፈውን ሁሉ ወደ ኢሜይሌ እንዲልክ ያዘዝኩትን ግን ጭራሽ ረስቼው ነበር። በቀደም ሞጣ፣ ቤቴ ከወንድሜ ጋር ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጮኸ። ባየው፣ ከሸጥኩት ኮምፒውተር የመጣ ኢሜይል፤ ጠበቃው ወንድሜን በመሬት ጉዳይ ለከሰሰው ጎረቤቱ ያዘጋጁለት መከራከሪያ ነው!

«ክፈተው እንጂ!» አለኝ ወንድሜ። እኔ ግን ጠበቃው ጋ ደውዬ ምን እንደደረሰኝ ነገርኳቸው።

«አንብበኸዋል?» አሉኝ፣ ድምፃቸው ተለውጦ።

«ርዕሱን ብቻ፤ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። እርስዎም ኮምፒውተሩን ይክፈቱና የምልዎትን ይጫኑ።» በስልክ እየመራሁ ያንን የተረገመ ትእዛዝ አስጠፋኋቸው። አመስግነው ዘጉ።

ቀና ስል ወንድሜ ቆሟል። «ለመሆኑ አንተ የማን ወንድም ነህ?» አለኝና በሩን ወርውሮት ወጣ።