አንድ ውጤት ፍርድ አይደለም

በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወይዘሮ ራህማ ከውጫሌ መጥተው ሐይቅ ከተማ ሲወርዱ፣ የጎረቤታቸውን ልጅ ለተብርሃንን መንገድ ዳር አገኟት። ለተብርሃን ደሴ ነርስ ናት።

«እትዬ ራህማ፣ ምነው እንዲህ ከሱ? ወዴት ነው?»

«ለኑርዬ ሚስት ልጠይቅ» አሉ ራህማ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚያወሩ ረጋ ብለው።

ኑርዬ የገዛ ባላቸው ናቸው። ለተብርሃን ደነገጠች።

«በሽታው ተመልሷል፣ ልጄ። ልጆቼ እንጀራ እናት ካገኙ አይቀር እኔው ልምረጥላቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ራህማ የያዙት ፅንስ ልጅ ሳይሆን እንደ ወይን ዘለላ ያበጠ ነገር ሆኖ ወጣ፤ ትራፊውም ነቀርሳ ሆነ። አዲስ አበባ በመርፌ ታከሙ፤ ጠጉራቸው ረግፎ፣ አፋቸው ቆስሎ ዳኑ። ያ ነቀርሳ ሲኖር በእርጉዝ ሴት ሽንት የሚገኘው ምልክት ይታያልና፣ በየጊዜው ሽንታቸውን ያስመረምሩ ነበር። በቅርቡ «ምልክቱ አለ» ሲባሉ ሐኪሙን እንኳ ሳይጠይቁ ወጥተው ቀሩ።

«ያን መርፌ ሁለተኛ? ወላሂ ደክሞኛል። አላህ ከጻፈው አላመልጥ።»

«የጻፈውን ያነበበልዎ የሽንት ብልቃጥ ነው? እስቲ ልጠይቅዎ፤ የወር አበባዎ ይመጣል?»

ራህማ ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከረመዳን ወዲህ የለም። ላብም ያጠምቀኛል።»

«የዕድሜዎ ይሆናል። የወር አበባ ሲቋረጥ ሰውነት የሚያበዛው ነገር አለ፤ ከነቀርሳው ምልክት ጋር መንታ ይመስላል። የሽንት ምርመራው አንዳንዴ አይለያቸውም።»

«እንግዲያ ድነዋል በይኛ!»

«አልልም፤ ተመልሶም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ደም ደጋግሞ የሚመረመረው። ምልክቱ እየጨመረ ከሄደ ገና በጊዜ ይደረስበታል። ሳያጣሩ መሞትም፣ ሳያጣሩ መወጋትም ያው ስሕተት ነው።»

ራህማ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሞቱንስ ለምጄው ነበር» አሉ፤ «ተስፋ ማድረጉ ነው የሚያደክመኝ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። አብሬዎ እሄዳለሁ።»

ለኑርዬ ወዳሰቧት ሴት ቤት ሳይዘልቁ ተመለሱ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተው አዲስ አበባ ሄዱ፤ ደማቸው ተመረመረ፤ ከሳምንታት በኋላም ተደገመ። የነቀርሳው ምልክት አልነበረም፤ ሽንቱን ያሳሳተው የዕድሜ ለውጥ ነበር።

«እንኳን መጡ» አሏቸው ሐኪሙ። «ቢቀሩ ኖሮ በሌለ በሽታ ሲጨነቁ ይኖሩ ነበር። በሽታው ኖሮም ቢሆን ሳይሰፋ እናገኘው ነበር። እኛም በሽንቱ ብቻ ፈርደን ብንወጋዎ በከንቱ በጎዳንዎ። ክትትሉን ግን አያቋርጡ።»

ራህማ እልል አላሉም። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወንበሩን ተደገፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለተብርሃን ደንግጣ ጠጋ ብትል፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አልቀሰቀሰቻቸውም።