ገንዳዬን ሊያዩ የመጡ መስሎኝ

እዚህ በስደት አገር፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ያለችው አፓርትመንቴ ውስጥ አኳሪየም ልሥራ ስል ሁሉም ሳቀብኝ። ያልሳቀው ጓደኛዬ ግርማ ብቻ ነው። ኢቶቢኮ የሚባለው ሰፈር፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ አውጥቶ በሚሸጥበት ጋራዥ ሴል ያገኘነውን አሮጌ የመስታወት ገንዳ በአውቶቡስ አብሮኝ ተሸክሞ አመጣ። ፊልተር መግዛት ስላልቻልኩ ከሥር አፈር፣ ከላይ ጠጠር አድርጌ የውሃ ተክል ተከልኩበት፤ ውሃውን የሚያጠራው ተክሉ ነው። ከሳምንታት በኋላ ውሃው ሲጠራ ሦስት ትንንሽ ዓሣዎች ገዛሁ።

አንድ ቅዳሜ ገና በማለዳው በሩ ተንኳኳ። ግርማ ነው፤ ከኋላው ጋሼ ተፈራና ሌሎች ያገር ልጆች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ቆመዋል። እኔ ጅሉ ገንዳዬን ሊያዩ የመጡ መስሎኝ ስለ አፈሩም ስለ ተክሉም ማስረዳት ጀመርኩ። «ዓሣ ካማረህ ገዝተህ አትጠብስም?» እያሉ ሲያሾፉብኝ የከረሙት ጋሼ ተፈራ፣ «ጥሩ አድርገህ ሠርተኸዋል፣ ልጄ» አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ ሴቶቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰዋል። እኛ ዘንድ ሰው በማለዳ ተሰብስቦ የሚመጣው መርዶ ሊያረዳ ነው።

«ማን ነው?» አልኩ።

«እናትህ ናቸው» አሉኝ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ግርማን መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሁለት ወር አልፏል አለኝ።

«ገንዳውን ስንሸከም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከዓሣዎቹ ሳይነቅል። «ከሰማህ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኑር ብዬ ነው።»