ታከለና የወንዛዬ ፍልውሃ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ወንድ ልጅም መካን ይሆናል ያለ ሰው እብድ ነው ተብሎ ጠበል ይወሰድ ነበር። ስሙኝማ። መንግሥት ተለውጦ፣ ሩዙ ፎገራን ያለበሰ ሰሞን ነው። ታናሽ እህቴ ስንዱ ታከለን አገባች፤ ከብት ያለው፣ ደህና ገበሬ ነው። ታዲያ ዓመት ሄደ፣ ሌላም ዓመት ሄደ፣ ልጅ የለም፣ እና እናቱ «ያችንም በዚሁ ፈታን፣ ይችም መካን ሆና አረፈች፤ እስከ ፋሲካ ፅንስ ካልያዘች ሌላ እናመጣለታለን» አሉ። ከስንዱ በፊት አንዷን ፈቷል እኮ። እህቴ ታለቅሳለች፣ እኔ እበግናለሁ።

እሱስ ምን ያደርጋል? «ወገቤን ላጠንክር» ይልና ወንዛዬ ፍልውሃ ይወርዳል፤ እስከ አንገቱ ተነክሮ ይውላል፣ እዚያው ይከርማል። ሲመለስ ደግሞ ስንዱ እንጨት ለቅማ፣ ውሃ አፍልታ፣ በየማታው በትልቅ ሳፋ ትዘፈዝፈዋለች። ልብስ እንኳ እንደዚያ አይዘፈዘፍም።

ታዲያ ወረታ ክሊኒክ ተከፈተና ስንዱን ይዣት ሄድኩ። ታከለም ተከተለን፣ ጥፋቷን ሊሰማ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ እሷን መረመረና «እሷ ደህና ናት፤ አሁን አንተ ና» አይለውም?

«እኔ? እኔ ምን ሆኜ?»

«ዘርህ ይታያል።»

እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ወንድ ለዚህ ይመረመራል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ፣ እውነቴን ነው ደነገጥኩ።

ታዲያ መረመረውና፣ «ዘርህ አንሷል፣ ያለውም ደካማ ነው። ከእሷ በፊት ያገባሃት ካለች የት ናት?» አለው።

«ይፋግ ከተማ ሌላ ባል አግብታለች።»

«ወልዳለች?»

ታከለ ቀስ ብሎ «ሦስት» አለ።

ሦስት! አግዳሚው ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ መች ለቀቀው። «ትጠጣለህ?» አረቄ። «ታጨሳለህ?» አንዳንዴ። «ሙቅ ውሃ ውስጥስ ትቀመጣለህ?» ይኼኔ ታከለ ደስ አለውና «እሱንማ አንድ ቀን አላጎደልኩም» አለ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወንድሜ፣ የወንድ ዘር ሙቀት አይወድም። ፍልውሃውንም፣ አረቄውንም፣ ሲጋራውንም ተውና ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለስ። ካልተሻለህ ደግሞ ሕክምና አለው።»

ስንዱ ብድግ አለች። «ያን ሁሉ ውሃ እኔው ነኝ ያፈላሁት?» አለች።

ታከለ ሁሉንም ተወ። ሐኪሙ ጋ ተመላለሰ፣ እና ዓመት ሳይሞላ ስንዱ ያዘች። እናቱ ግን «ወንድ ተመርምሮ! ምን ጉድ ነው» ይላሉ። እኔም፣ «እሜቴ፣ ላሞችዎ አልይዝ ሲሉ ኮርማውን ነው የሚለውጡት። ሰው ሲሆን ለምን ሴቷን ይለውጣሉ?» አልኳቸው።

ሳቁ፣ ሳቁ። አንተ ሙሉጌታ፣ ባለ ትዳሩ፣ ሰው ሁሉ ሲስቅ ምነው አቀረቀርክ?

«እትዬ፣ ክሊኒኩ ቅዳሜም ይከፍታል?»