ኩላሊቴና ፕሮፌሰሯ

የሕክምና ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በድላኛለች። በሰው አገር፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ካለው የሐበሻ ምግብ ቤቴ ለስብሰባቸው ምሳ ሳመላልስ፣ ግድግዳቸው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነባለሁ፤ ማን ተሾመ፣ ማን ጡረታ ወጣ። አዲሷ የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ስለ ኩላሊት ልገሳ ለሁሉም ክፍት የሆነ ንግግር እንደምታደርግ ያየሁትም እዚያው ነው። የወንድሜ ኩላሊት ደክሟል። የሚስማማው የአንቺ ነው ተብዬ፣ ፈርቼ ሳልፈርም ሰንብቻለሁ። በንግግሩ ቀን አምሬ ለብሼ ብሄድ ጸሐፊዋ «ማማ፣ ወጥ ቤቱ በጓሮ ነው» አትለኝም? አልፌያት ገብቼ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ጥያቄ ሲባል ተማሪው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ተነሣሁ። «ፕሮፌሰር፣ እኛ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳንቀምስ ነው የምንጾመው። አንዱን ለወንድሜ ብሰጥ፣ የቀረው ይህን ይችልልኛል?» ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሴትዮዋ ግን መነጽሯን አወለቀች። «አላውቅም» አለች፤ ያን ሁሉ ማዕረግ ተሸክማ፣ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት! «አጣርቼ እስክነግርዎት እንዳይፈርሙ። እናንተ የሳቃችሁ ደግሞ፣ በሽተኛችሁን እንዴት እንደሚጾም ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?»

በሳምንቱ ራሷ ደወለችልኝ። «ጾሙን ይጹሙ፣ ውኃውን ግን አይተዉ። ውኃውን እንዲፈቅዱልዎ ለንስሐ አባትዎ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አሁንም ይፈራሉ?» አለችኝ።

እኔም፦ «አላውቅም ለማለት ያልፈራ ሰው ቢላውን ከያዘ፣ እኔን ምን ያስፈራኛል!»