ጋሼ መዶሻና አገሩ የጠፋው ድንጋይ

ከየሥራችሁና ከየቤታችሁ ተነሥታችሁ ወንድማችንን ለመሸኘት የመጣችሁ ሁሉ፣ እግራችሁ አይድከም። ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ሟች ንግግር ሲረዝም ሰዓታቸውን መመልከት ልማዳቸው ስለነበር ጽሑፉ እንዲያጥር ተሞክሯል፤ ባይሳካም እንደ ወትሯቸው ይቅር እንደሚሉ ተስፋ አለን።

ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ መዶሻ እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከጉድጓድ ቆፋሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የዛሬ ስልሳ ሰባት ዓመት ተወለዱ። አባታቸው ከምድር በታች ውሃ ሲፈልጉ፣ እናታቸው ወደ ምድር የሚመጣውን ሰው ሲቀበሉ ይውሉ ስለነበር፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ በእራት ሰዓት የቤቱ ጨዋታ ዛሬ ምን ወጣ የሚል ብቻ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ከአንድ ጉድጓድ ሥር ስድስት ጎን ያለው፣ ጫፉ የሾለ፣ እንደ መስታወት የጠራ የኳርትዝ ክሪስታል አምጥተው ሰጧቸው። ማን ቀረጸው ብለው ቢጠይቁ ማንም እንዳልቀረጸው፣ ከመሬት ውስጥ እንዲሁ ሆኖ እንዳደገ ተነገራቸው፤ እሳቸው ግን አላመኑም፤ አባታቸው የደበቁት ሞረድ አለ ብለው ሦስት ቀን ሙሉ የመሣሪያ ሣጥኑን ሲበረብሩ ቆዩ። በአራተኛው ቀን አባታቸው ድንጋዩን የምትወደው ከሆነ ከየት እንደወጣ አትርሳ ብለው መከሯቸው። ገና ፊደል አልቆጠሩም ነበርና፣ ከየትኛው ጉድጓድ፣ በየትኛው ቀን፣ ከማን ጋር እንደወጣ እናታቸው በቁራጭ ወረቀት ጻፉላቸው። የመጀመሪያው ካርድ ይህ ነበር፤ እናታቸው በሣጥናቸው ስላኖሩት ዛሬም አለ።

ለትምህርት ሲደርሱ በሒሳብና በሥዕል ብርቱ ነበሩ፤ የደብተር ቦርሳቸው ግን ከዓመት ዓመት ሥሩ እየተቀደደ እናታቸውን ሲያስመርር ኖሯል። ቦርሳው ውስጥ ስለተገኘው፣ “ጋሌና” ስለሚባለው እጅግ ከባድ የእርሳስ ማዕድን ሲነሣ፣ ቁራጯ ትንሽ ናት ብለው በሁለት ጣት ሊያነሷት የሞከሩት መምህራቸው እግራቸው ላይ ጥለዋት አንድ ሳምንት እንዳነከሱ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ወንድማችን ለይቅርታ መምህሩ ቤት ድረስ ሄደው፣ ስለ እግራቸው ከመጠየቃቸው በፊት ድንጋዩ አለመሰበሩን ጠይቀዋል ይባላል።

በሃያ አንድ ዓመታቸው የቅየሳ ትምህርታቸውን አጠናቀው በመንገድ ሥራ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ሠላሳ ሰባት ዓመት በቀያሽነት አገለገሉ። ተራራ ተቆርሶ መንገድ ሲወጣ ሌላው ሰው አቧራውን ሲሸሽ እሳቸው ወደ አቧራው ይገቡ ነበር፤ ማሽኑ ጠርጎ ሳይደፋው፣ በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ያደጉትን ክሪስታሎች በትንሿ መዶሻቸው ነካ ነካ አድርገው ያወጣሉ፤ ጫፋቸው እንዳይሰበርም ካልሲያቸውን አውልቀው ይጠቀልሏቸዋል። በባዶ እግራቸው ጫማ አድርገው ወደ ሰፈራቸው ሲመጡ ያየ ሁሉ ቀኑ እንደቀናቸው ያውቅ ነበር። ያልተወለወለ፣ ያልተቆረጠ፣ ከመሬት እንደወጣ ያለ ድንጋይ ብቻ ነበር የሚወዱት። የወለወልከው ድንጋይ ያንተን ፊት ያሳይሃል እንጂ የራሱን አያሳይህም ይሉ ነበር።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ድንጋይ ሰበብ ነው። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ወንድማችን በየወሩ የሚቦደሰውን የሱሪ ኪሳቸውን ለማስጠገን ወደ እሳቸው ይመላለሱ ነበር። ልብስ ሰፊዋም አምስት ጊዜ ከጠገኑ በኋላ፣ ሱሪው ውስጥ ምን አውሬ እንዳለ እንዲነገራቸው አጥብቀው ጠየቁ፤ ወንድማችንም ያለ የሌለ ድንጋያቸውን የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ዘረገፉት። በስድስተኛው ጊዜ ኪሱ በድንኳን ሸራ ተሰፍቶ ጠበቃቸው። ከዚያ በኋላ ኪሱ አልተቀደደም፤ እሳቸው ግን መመላለሱን አላቆሙም፤ በሠላሳ ሦስት ዓመታቸውም ተጋቡ።

እንግዲህ ሰፈሩ በከፊል የሚያውቀውን ነገር ዛሬ በሙሉ መናገር ተገቢ ነው፤ ባለቤታቸውም እንዲነገር ፈቅደዋል። በተጋቡ በዓመቱ ወንድማችን ለሦስት ሳምንት ሥራ ወጡ። ሙሽራዋ ባላቸውን ደስ ለማሰኘት አስበው፣ በመደርደሪያው ላይ የነበሩትን መቶ አርባ ድንጋዮች አንድ በአንድ አውርደው፣ ሙቅ ውሃ በሳፋ ቀድተው፣ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አጥበው፣ በነጭ ፎጣ አድርቀው፣ እንደ መጠናቸው ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደሯቸው። በእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር ተለጥፎ የነበረው፣ የተገኘበት ቦታ የተጻፈበት ካርድ ግን በውሃው ለቆ፣ ቀለሙ ፈሶ፣ ከእድፉ ጋር ተደፋ። በዚያን ጊዜ ድንጋዮቹ አበሩ፤ አገራቸውን ግን አጡ።

ባልየው ሲመለሱ ቦርሳቸውን ተሸክሞ የገባው ይህን የሚያነበው ወንድማቸው ነበርና የሆነውን በዓይኑ አይቷል። በሩ ላይ ቆሙ፤ መደርደሪያውን አዩ፤ የባለቤታቸውን ፊት አዩ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያም ውሃው ሙቅ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ ሲባሉ፣ ደግ፣ እንግዲያው ብርድ አልመታቸውም አሉ። ምን እንዳጠፉ የገባቸው ባለቤታቸው ግን ሳቁም ሥቃዩም በአንድ ላይ ሆነባቸው፤ ያን ምሽት እህል አልቀመሱም። ጋሼ መዶሻም ብርቱ መስለው ቢታዩም፣ በማግስቱ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ከወትሮው በላይ መቆየታቸውን ወንድማቸው አይረሳም።

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት ጠረጴዛ ከበው፣ ከማስታወሻ ደብተር፣ ከትዝታና በየስንጥቁ ተወትፎ ከቀረው የአፈር ቀለም እየተነሡ፣ በስምንት ወር ለመቶ ሠላሳ ዘጠኙ አድራሻቸውን መለሱላቸው። አንዱ እንቢ አለ። እሱም ከሁሉም የሚያምረው፣ የኳርትዝ ጣቶቹ የጠሩ፣ ከሥሩ ፓይራይት የሚባለው ወርቅ መሳይ ማዕድን እንደ ጥቃቅን ባለ አራት ማዕዘን ሣጥኖች የተደረደረበት፣ መዳፍ የሚሞላ ድንጋይ ነበር። የተገኘው ደብተራቸው በዝናብ በራሰበት ወር ነበርና ትዝታቸውም ደብተራቸውም ከዷቸው። ባለቤታቸው የዚህ ድንጋይ ካርድ ባዶ ሆኖ እስካየሁት ልቤ አያርፍም አሉ፤ እሳቸውም ባዶ ትቼው አልሞትም ብለው ቃል ገቡላቸው።

ስለዚህ ከዓመት ዓመት፣ የዕረፍት ጊዜያቸው ሲደርስ፣ እሳቸው መዶሻቸውን፣ ባለቤታቸው ጥላቸውንና ስፌታቸውን ይዘው፣ ድንጋዩን በካልሲ ጠቅልለው፣ ድሮ ከሠሩባቸው መንገዶች ወደ አንዱ ይሄዱ ነበር። አንድያ ልጃቸው ትምህርት ቤት ገብታ ከሌሎች ልጆች እስክትሰማ ድረስ፣ ሰው ሁሉ የዕረፍት ጊዜውን በተቆረሰ ተራራ ሥር የሚያሳልፍ ይመስላት ነበር። አለቱን ከድንጋዩ ጋር ያስተያዩታል፤ ይመስላል፤ ይጠጉታል፤ አይደለም። በቋጥኝ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ምሳቸውን በልተው፣ ሲጨቃጨቁ ወይም ሲስቁ ውለው ይመለሳሉ።

በመሐሉ ቀልዳቸው አልተለያቸውም። ከኩላሊታቸው ጠጠር በወጣላቸው ጊዜ ከሐኪሙ ለምነው ተቀብለው በክብሪት ቀፎ አኖሩት፤ ካርዱም የተገኘበት ቦታ፦ ግራ ኩላሊት፤ አብሮ የነበረ፦ ሐኪሙ፣ ይላል። ሌባ ቤታቸው ገብቶ ወርቅ መስሎት ትልቁን ፓይራይት በወሰደ ጊዜም፣ ካርዱን ትቶት በመሄዱ ለሌባው አዘኑለት፤ ምን እንደያዘ እንኳ አያውቅም እኮ እያሉ።

ድንጋዮቹ ከዘጠኝ መቶ ሲያልፉ ልጃቸው የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለስብስቡ አንድ ክፍል አዘጋጀ። የክፍሉ ኃላፊ ያን ውብ ድንጋይ በሩ ላይ ሊያቆሙት ፈለጉ፤ ነገር ግን አድራሻ ያስፈልገው ነበርና፣ የሚመስለውን ቦታ በግምት እንዲጽፉ ለመኗቸው። ይህን የሚያነበው ወንድማቸውም፣ ኃጢአቱን አይደብቅም፣ ይጻፉትና ይገላገሉ፣ የባለቤትዎም የእትዬ ልብ ይረፍ፣ ማን ያውቃል ብሎ ነበር። ወንድማችን ቀና ብለው አይተውት፣ ድንጋዩ ያውቃል አሉት። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ አፉን አልከፈተም።

ከሁለት ዓመት በፊት ልባቸው ደክሞ መንገድ ተከለከሉ። አልጋቸውን መደርደሪያው ወደሚታይበት ክፍል አዛወሩላቸው። ባለቤታቸው በዕድሜያቸው ከባድ የሆነውን ሁሉ፣ ማንሣቱንም ማስተኛቱንም፣ በሁለት እጃቸው ተሸከሙት፤ ስለ ካርዱ ግን ምንም አላነሡም፤ እሳቸውም አላነሡም። ባለፈው ሳምንት ብዕርና ካርድ አምጡልኝ ብለው ረዘም ላለ ጊዜ ጻፉ፤ ከድንጋዩም ሥር አስቀመጡት፤ እኔ ሳልሄድ እንዳይነሣ ብለው አዘዙ። ትናንት ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ ያለ ጭንቅ አረፉ።

ከዚያ በኋላ ባለቤታቸው ድንጋዩን አነሡ። ካርዱ እንዲህ ይላል፦ ዓይነት፦ ኳርትዝ ከፓይራይት ጋር። የተገኘበት ቦታ፦ አላውቅም። የተፈለገበት ቦታ፦ ሠላሳ አንድ ቦታ፤ ዝርዝሩ በጀርባው አለ። በሁሉም አብራኝ የነበረች፦ ባለቤቴ። ሁኔታ፦ በሙቅ ውሃ የታጠበ፤ ንጹሕ፤ ብርድ አልመታውም።

ጋሼ መዶሻ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውን፣ ይህን ለፍላፊ ወንድማቸውንና በየካርዳቸው የቆሙ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ድንጋዮችን ትተው ሄደዋል። ድንጋዮቹ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳሉ፤ አንዱ ግን ከነካርዱ ከባለቤታቸው ዘንድ ይቀራል። የእያንዳንዳችን መነሻ የማይጠፋበት ፈጣሪ ነፍሳቸውን በጥሩ ቦታ ያኑርልን፤ እትዬ፣ ለእርስዎም ልብዎን ያሳርፍልዎ፤ ካርዱ ባዶ አይደለም።